ገልብጣችሁ እዩአት

በጆሯችሁ የምነግራችሁ፣ እኛ የባሕር ኮከብ ዝርያ የምንለይ ሰዎች እርስ በርሳችን የምንባባለውን ነው። ቀለሟን አትመኑ። ከውኃ ከወጣች መደብዘዝ ትጀምራለች፤ አልኮል ውስጥ ከርማማ ቀይዋም ሰማያዊዋም አንድ ይሆናሉ። እኛ ገልብጠን ነው የምናያት። ከአፏ ተነሥተው በየክንዷ በሚወርዱት ቦዮች ግራና ቀኝ ጥቃቅን እሾሆች ተሰልፈዋል፤ ብዛታቸውና አሰላለፋቸው ብዙ ይናገራል። ቆዳ ከሸፈናቸው ከሱቅ የተገዛ በረኪና ጠብ እናደርጋለን፤ ሥጋው ይለቅና የኖራ ሰሌዳዎቹ ብቅ ይላሉ።

ይህም ሆኖ ዓይን የሚሸነፍበት ጊዜ አለ። ኮራል የምትበላዋን፣ ባለ ብዙ ክንዷን አክሊለ ሦክ ውሰዱ። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ካወጣላት በኋላ ከቀይ ባሕር እስከ ፓሲፊክ ያለችው ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ተቆጠረች። በ2008 የዲኤንኤ ጥናት አራት መሆናቸውን አሳየ። የቀይ ባሕሯ የክንዷ ብዛት አነስ፣ እሾኋም ቀጠን ያለ ነው፤ የራሷን ስም፣ አካንታስተር ቤንዚኢን፣ ያገኘችው ግን ገና በ2022 ነው። ሰብሳቢ ጠፍቶ አይደለም። ጀርመናዊው ሄምፕሪኽ ለበርሊን ሙዚየም ናሙና ሲለቅም ምጽዋ ላይ የሞተው በ1825 ነበር። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሰፍረው ሠርተዋል።

ይህን ለፒያሳው የእሪ በከንቱ ሰፈር ሰው የምነግረው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ከዚያ በመርከበኛ ሻንጣ የመጣ ዛጎልና የደረቀ የባሕር ኮከብ ዛሬም በአራዳ ቤቶች ቡፌ ላይ አይጠፋም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስና ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲነሣ እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ መጀመሪያ የሚጣለው ነው።

የሙያው ትልቁ ምስጢር ወረቀቷ ላይ ነው። የት እንደተለቀመች ያልተጻፈባት ኮከብ፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ ለሳይንስ ጌጥ ብቻ ናት። ቦታና ዘመን የተጻፈባት ግን ክንዷ ቢሰበር እንኳ ትፈለጋለች፤ ዛሬ እንደልብ ከማንደርስበት ባሕር የመጣች ምስክር ናትና።

ስለዚህ እባካችሁ አባባንና እማማን አሁኑኑ ጠይቁልኝ፤ ኮከቧ ከየት መጣች? በስንት ዓመተ ምሕረት? ማን አመጣት? መልሱን በእርሳስ ጻፉት፤ ቀለም አልኮል ሲነካው ይፈሳል። ቫርኒሽ አትቀቧት። ፎቶ ስታነሡ ከላይም ከሥርም ይሁን። ከዚያ አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳ ሙዚየም በእግር የሚደረስ ነው፤ ወስዳችሁ አሳዩልን።