ስለ መገናኛ ራዲዮ ፕሮግራምና ስለ አርም ላፕቶፖች
(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር)



«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ያነሣሁት በማንኛውም መሥሪያ ቤት ሊያጋጥም ስለሚችል አንድ የዕቃ ግዥ ጉዳይ ለመናገር አስቤ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ለአምቡላንሶቹና ወደ ገጠር ለሚልካቸው መኪናዎች የመገናኛ ራዲዮ አለው እንበል። ራዲዮዎቹ የሚሠሩበት የሞገድ ቁጥር የሚጻፍባቸው በኮምፒዩተር ነው። ያረጀው ኮምፒዩተር ክብደቱ ቀላል፥ ባትሪው ብዙ ሰዓት የሚቆይ በሆነ አዲስ ላፕቶፕ ይተካል፤ አሮጌውም በሐራጅ ይሸጣል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞገዱ እንዲለወጥ ይታዘዛል። ባለሙያው ራዲዮውን ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ቢያገናኝ መልስ አያገኝም። ላፕቶፑ ደኅና ነው፤ ራዲዮውም ደኅና ነው፤ ነገር ግን አይግባቡም። በዚህ መካከል በአዲሱ ሞገድ ሊጠራ የሚገባው አምቡላንስ ጥሪው አይደርሰውም። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት ማወቅ የቴክኒክ ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የግዥ ኃላፊውም ተግባር ነው።

የኮምፒዩተር አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል፤ እርሱም እንደ ሰው የራሱ ቋንቋ አለው። በየመሥሪያ ቤቱ ለብዙ ዘመን የኖሩት የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የሚናገሩት፥ ኢንቴል የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ካወጣው 8086 ከሚባለው ፕሮሰሰር የተወለደውን ቋንቋ ነው። አርም የሚባለው ግን ሌላ ቋንቋ ነው። ይህንንም በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ የነበረው አኮርን የተባለ ኩባንያ ነድፎ በ1985 አስገኘው። አርም ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚበቃው ለእጅ ስልክ ተመረጠ፤ ኋላም ወደ ላፕቶፕ ገባ። አፕል በ2020 ኤም1 በተባለው፥ ሌሎች ኩባንያዎችም በ2024 ስናፕድራገን ኤክስ በተባለው ፕሮሰሰር የተሠሩ ላፕቶፖች ለገበያ አቀረቡ።

ለአርም የተዘጋጀው ዊንዶውስ 11 በቀድሞው ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም እየተረጎመ ማሠራት ይችላል። ስለሆነም የራዲዮው ፋብሪካ የሰጠው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይከፈታል፤ ገጹም ይታያል። ሰውም ይህን አይቶ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል።

ችግሩ ያለው ግን ከገመዱ ላይ ነው። ራዲዮንና ላፕቶፕን የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ በውስጡ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለችው። ሥራዋም የላፕቶፑን መልእክት ራዲዮው ወደሚያውቀው ዓይነት መለወጥ ነው። ይህችን ቺፕ ከዊንዶውስ ጋር የሚያስተዋውቀው ድራይቨር የሚባለው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ስለሆነ አስተርጓሚ አይደርስለትም፤ ራሱ በአርም ቋንቋ የተዘጋጀ መሆን አለበት። እንግዳ ከባለቤቱ ጋር በአስተርጓሚ ሊነጋገር ይችላል፤ የበሩ ዘበኛ ግን የቤቱን ቋንቋ ካላወቀ በሩ አይከፈትም።

ኤፍቲዲአይና ሲሊከን ላብስ የተባሉት ኩባንያዎች ለቺፖቻቸው የአርም ድራይቨር አዘጋጅተዋል። በርካሽ በሚሸጡ ገመዶች ውስጥ ግን ፕሮሊፊክ የተባለው ኩባንያ የቀድሞ ቺፕ ወይም የእርሱ ማስመሰያ ይገኛል፤ የኩባንያውም አዲሱ ድራይቨር እነዚህን አይቀበልም። እንደዚሁም በአፕል ላፕቶፕ ውስጥ ዊንዶውስን በሌላ ፕሮግራም አማካይነት ማስገባት መፍትሔ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን የሚገባው ዊንዶውስ ራሱ የአርም ስለሆነ ያው የድራይቨር ችግር ይከተለዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፥ ብዙ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት አንዱን ብቻ አስመጥቶ ከራዲዮውና ከገመዱ ጋር መፈተን ነው። ሁለተኛ፥ የራዲዮውንና የገመዱን ሠሪዎች «ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር አላችሁን?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፥ ቺርፕ የሚባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም በዊንዶውስ፥ በአፕልና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ስለሚሠራ፥ ራዲዮው ከሚያውቃቸው ዓይነቶች አንዱ መሆኑን መመልከት መልካም ነው። አራተኛ፥ በራዲዮው ላይ አዲስ ነገር ከመጻፍ በፊት ያለውን አንብቦ ቅጂውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ስሕተት ቢደርስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላልና። አምስተኛውና ዋነኛው፥ ይህ ሁሉ ተፈትኖ እስኪረጋገጥ ድረስ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነገመዱ በመዝገብ ተጽፎ በግምጃ ቤት ይቀመጥ።

አዲስ ዕቃ መግዛት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አዲሱ ከነባሩ ጋር መስማማቱን ሳይጠይቅ የነበረውን የሸጠ መሥሪያ ቤት፥ ትናንት በሐራጅ የሰጠውን ዓይነት ኮምፒዩተር ነገ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይለምናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ደኅና ሰንብቱ።