ከነጥቡ በስተግራ

የደብረ ማርቆስ ሰው አድራሻውን ሲያስመዘግብ ከሰፊው ይጀምራል፦ አማራ ክልል፣ ምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር። የኢንተርኔት አድራሻ የሚጻፈው በተገላቢጦሽ ነው፤ ጠባቡ በግራ፣ ሰፊው በቀኝ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን እንይ፦ ዲኤምዩ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ። በቀኝ ዳር ያለው ኢቲ አገሪቱ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኢትዮጵያ የተሰጠ፣ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ነው። ኢዲዩ የትምህርት ተቋማትን ያመለክታል። ዲኤምዩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ከዚህ በስተግራ የሚቀጠል ስም ሁሉ ሰብዶሜይን ይባላል፤ እሱን ለመቀጠል ዩኒቨርሲቲው ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም።

ይህ ነጻነት ሆን ተብሎ የተሰጠ ነው። ቀድሞ በመረቡ ላይ የነበሩ ኮምፒውተሮች ስም ሁሉ የሚመዘገበው በአንድ ፋይል ነበር፤ ፋይሉንም የሚይዘው ካሊፎርኒያ ያለ አንድ ማዕከል ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሲበዙ መዝገቡን ማደስ አዳጋች ሆነ። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ዲኤንኤስ የተባለው ሥርዓት ሥልጣኑን አከፋፈለ፤ ስም የያዘ ሁሉ ከስሙ በታች ያለውን ራሱ ይሰይማል፣ ራሱም ይቆጣጠራል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ነጻነት በደንብ ተጠቅመዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን ኢቲዲ በሚል ሰብዶሜይን አስቀምጧል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የጽሑፍ ክምችቱን አይአር ብሎ ለይቶታል። ክምችቱ ነገ ወደ ሌላ ሰርቨር ቢዛወር የሚለወጠው የዚያች ስም መዝገብ ብቻ ነው፤ ዋናው ገጽ አይነካም።

ለግለሰብም ይሠራል። አንድ የደጀን ጤፍ ነጋዴ ዶሜይን (የራሱን የኢንተርኔት ስም) እና ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ) ገዝቷል እንበል። ለዶሜይኑ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ለሰብዶሜይን ግን ተጨማሪ ክፍያ የለም፤ ጥቅሉ የሚፈቅደውን ብዛት ማየት ብቻ ነው። ሲፓነልን በመሰለ መቆጣጠሪያ ገብቶ፣ ዶሜይኖች የሚለውን ከፍቶ፣ «ገበያ» የሚል ስም በላቲን ፊደል ቢጽፍ ሥርዓቱ ለዚያ ስም የራሱን ፎልደር ይከፍታል። የሽያጭ ገጹ እዚያ ይቀመጣል። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ችግር የሚመጣው ዶሜይኑ አንድ ቦታ፣ ሆስቲንጉ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዲኤንኤሱ መዝገብ ያለው ሆስቲንጉ ዘንድ ካልሆነ፣ በመቆጣጠሪያው የተከፈተው ስም ውጭ ላለው ዓለም አይታይም። መዝገቡ ያለበት ቦታ ሄዶ ስሙን ከሰርቨሩ የአይፒ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ መስመር ማስገባት ግድ ይላል። ደግሞ መዝገቡን ሳያስገቡ ስሙን ብራውዘር ላይ መሞከር አይመከርም፤ «የለም» የሚለው መልስ በመንገድ ላይ ባሉ ሰርቨሮች ለጊዜው ስለሚያዝ፣ ስሙ ከተፈጠረ በኋላም ለሰዓታት እንደጠፋ ሊቆይ ይችላል። የደኅንነት ሰርተፊኬቱም ዋናውን ስም ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ጎብኚው ከገጹ በፊት የሚያየው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ነው።

መክፈቱ ቀላል መሆኑ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ለአንድ ዝግጅት ወይም ለሙከራ የተከፈተ ስም፣ ሥራው ሲያልቅ አስታዋሽ ያጣል። በተራ ሆስቲንግ አካውንት ውስጥ ሰብዶሜይኖቹ የዲስክ ቦታ ብቻ ሳይሆን ዕጣ ፈንታም ይጋራሉ፤ በአንዱ ባልታደሰ ፕሮግራም የገባ ሰርጎ ገብ ወደ ዋናው ገጽ መሻገር አይከብደውም። በሲፓነል ስሙን መሰረዝም ፎልደሩን አያጠፋም፤ እሱን ለብቻ መሰረዝ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ስሙ ወደ ውጭ አገልግሎት ተጠቁሞ፣ አገልግሎቱ ተቋርጦ፣ ጥቆማው ሲቀር ነው። ሌላ ሰው ያንን ቦታ ቢይዘው በተቋሙ ስም የፈለገውን ያሳያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰብዶሜይን ኃላፊ የሆነ ሰው መመዝገብ አለበት፤ ኃላፊ የሌለው ስም ቢዘጋ ይሻላል።

ገጽ ለማያስተዳድር ሰውም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚወጣበት ሰሞን ተማሪዎች የሚገቡበት ፕሌስመንት ነጥብ ኢተርኔት ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ የሚለው አድራሻ ራሱ ሰብዶሜይን ነው። በስተግራ ያለውን ማንም እንደፈለገ ሊጽፈው ስለሚችል፣ አጭበርባሪም በራሱ ዶሜይን ፊት ለፊት «ፕሌስመንት»ንም «ኢተርኔት»ንም መደርደር ይችላል። ባለቤቱን የሚናገረው የቀኙ ጫፍ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከላችሁን ሊንክ ከፍታችሁ የምዝገባ ቁጥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት፣ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር በፊት ያለውን ስም ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። መጨረሻው ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ ካልሆነ ገጹን ዝጉት።