ሞተር ለሚጠግን ሠራተኛ ሕጉ ምን ይላል?

የሰሚት ወፍጮ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የኮንዶሚኒየም የውኃ ፓምፕ፣ ሁሉም የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፡፡ የሕግ ሰው ስለ ሞተር ምን አገባው ለሚለኝ መልሴ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፡፡ በአንቀጽ 96 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፡፡

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ አብዛኛው የፋብሪካ ሞተር በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት ይሠራል፡፡ አንዱ ፌዝ ሲቋረጥ እየዞረ ያለው ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ ከመጠን በላይ ከረንት እየሳበ ግሎ ይቃጠላል፡፡ ይህን የሚከላከለው በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ ሪሌይ ነው፡፡ «ቶሎ ቶሎ ያጠፋል» ተብሎ ከልኩ በላይ ከፍ የተደረገ ሪሌይ እንደሌለ ይቆጠራል፡፡ የሞተሩ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ፤ አለበለዚያ የውስጥ ሽቦው የተላጠ ዕለት ብረቱን የነካ ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣል፡፡ ቀበቶውና ፑሊውም ይከለሉ፡፡

ለጥገና ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፡፡ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ይቆለፍ፤ ቁልፉ በጠጋኙ ኪስ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ አለመኖሩም በቴስተር ይረጋገጥ፡፡ መብራት ሄዷል ብሎ እጅን መስደድ፣ መብራት የሚመጣበትን ደቂቃ አውቃለሁ እንደ ማለት ነው፡፡

ይኸው አንቀጽ 96፣ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደህንነት መመሪያ በመጣስ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፡፡ ይሁን እንጂ መመሪያ ያላወጣ አሠሪ ምን ተጣሰብኝ ይላል?