ኮርኒስ ላይ የሚሮጠው ማን ነው?

«የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ በድምፅ ማጉያ የአዲስ አበባን መንደሮች የሚዞር ሻጭ ደንበኛ አያጣም። ያው ሰው ያንኑ መርዝ መልሶ መላልሶ ይገዛዋል። መርዙ አይገድልም ማለት አይደለም። የሞተችውን የምትተካ ሌላ አይጥ በዚያው ቀዳዳ ትገባለች፣ አንዲት እናት ደግሞ ካረገዘች በሦስት ሳምንት ግድም ትወልዳለች።

መድኃኒቱ ከመገዛቱ በፊት እንግዳዋን መለየት ይሻላል። ሌሊት ኮርኒስ ላይ የምትጋልበው አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያ አይጥ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ሰፋ ያለ፣ ጅራቷ ከገላዋ የሚረዝም፣ በግድግዳም በኤሌክትሪክ ገመድም የምትወጣ። ከፍሳሽ ቱቦና ከቆሻሻ ገንዳ ሥር ብቅ የሚለው ደልዳላው አይጠመጎጥ ደግሞ መሬት ቆፋሪ ነው፤ ጅራቱ ከገላው ያጥራል። ትንሿ የቤት አይጥ መሳቢያና ቁም ሣጥን ይበቃታል። አይጧ ራሷ ካልታየች ኩሷ ይናገራል፦ የጣሪያዋ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ የአይጠመጎጡ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋና ጫፉ ደብዛዛ፣ የትንሿ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ። ግድግዳው ጥግ ላይ ቅባት የነካው የሚመስል ጥቁር መስመር ካለ መንገዷ እሱ ነው። ገላዋ እየተሻሸ ያጠቆረው ነው። ጥርጣሬ ካለ ማታ ወለሉ ላይ ዱቄት ነስነስ አድርጎ ጠዋት ዱካውን ማየት ይቻላል።

ዋናው ሥራ ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ሰው ግን የሚሰለቸው እሱኑ ነው። አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ለአይጥ በር ነው፣ ለትንሿ ደግሞ እርሳስ የሚያስገባው ይበቃል። ጨርቅና ስፖንጅ አይረባም፤ የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ ያገኘችውን እየቆረጠመች ታሳጥራቸዋለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የምትልጠውም ለዚሁ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቆ በሲሚንቶ መምረግ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት በወንፊት ሽቦ መዝጋት፣ የበሩን ሥር በብረት ልባስ መሸፈን ግን ይይዛል። በገጠር እግር ያለው ጎተራ ጥሩ ነው፤ እግሮቹ ላይ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ የቆርቆሮ ቆብ ቢደፋባቸው የበለጠ ይሻላል።

መጋዘን፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት ያለው ሰው ጆንያውን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያርቅ፣ ከመሬትም በፓሌት ያንሳ። በጆንያውና በግድግዳው መካከል ሰው ማለፍ ካልቻለ ማንም አያጸዳውም፣ ማንም አያየውም።

ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ትንሿ አይጥ አዲስ ዕቃ ስታይ ልታሸት ትቀርባለች፣ ትልቋ ግን ትሸሻለች። ስለዚህ ወጥመዱን ሳይወጥሩ ለጥቂት ሌሊት የለውዝ ቅቤ እየቀቡ ማስለመድ፣ ከዚያ መወጠር ነው። ማባበያው ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ፤ አይጥ በወለል መሐል መሄድ አትወድም። የማጣበቂያ ወጥመድን እኔ አልወደውም፤ እንስሳዋን ሌሊቱን ሙሉ ያሠቃያል፣ ጠዋት ማንሳቱም ለሰው ጣጣ ነው።

መርዝ የመጨረሻው ይሁን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት የሚገድለው ከቀናት በኋላ ነው፤ ተጠራጣሪዋ አይጥ ሕመሙን ከምግቡ ጋር አታያይዘውም። ሰው ቢበላው ቫይታሚን ኬ 1 ማርከሻ ይሆነዋል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው ጥቁር ዱቄት ግን ሆድ ውስጥ ወደ መርዛም ጋዝ ይለወጣል፣ ማርከሻም የለውም። እህል ለማቆያ የሚሸጠው ኪኒንም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ስለሆነ ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይቀመጥም። ስም ሳይጻፍበት በላስቲክ የታሰረውን አለመግዛት ነው፤ ሕፃን ቢቀምሰው ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ነው። የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች፣ ኮርኒስ ውስጥ የሞተችው ደግሞ ቤቱን ለሳምንታት ታገማዋለች።

የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰለ በሽታ ያስተላልፋል፤ ኩሱንም በደረቁ በመጥረጊያ ማቡነን አይገባም። በር መስኮቱን ከፍቶ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በውኃ የተበጠበጠ በረኪና አርከፍክፎ ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ በጨርቅ ማፈስ፣ ጨርቁንም አብሮ መጣል ነው።