ውጤቱ የማን ነው፤ የቤት ወይስ የትምህርት ቤት?

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ወሬው እንደተሰማ አንዱ ወገን መምህሩን፣ ሌላው ወላጁንና "የዘንድሮ ልጅ"ን ከሰሰ። ክርክሩ ግን ከእኛ አልጀመረም።

የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ባዘዘው ጥናት፣ ሶሲዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሪፖርት አወጡ። የጥቁሮችንና የነጮችን የውጤት ልዩነት የትምህርት ቤቶቹ በጀትና ቁሳቁስ ያስረዳዋል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። አላስረዳውም። ከውጤት ጋር አብሮ የሚሄደው በዋናነት የቤተሰብ ሁኔታ ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎም አብረው የሚማሩት ልጆች ከምን ዓይነት ቤት እንደመጡ። ብዙዎች ይህን "ትምህርት ቤት ዋጋ የለውም" ብለው አነበቡት፤ ሪፖርቱ ግን እንዲህ አላለም። እንዲያውም የመምህር ጥራት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ድጋፍ ያጣውን ልጅ እንደሆነ ጠቁሟል።

ኡጋንዳ ውስጥ ያጠናው ስቴፈን ሄይነማን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከዊሊያም ሎክስሊ ጋር 29 አገሮችን ሲያነጻጽሩ፣ በድሃ አገሮች ከቤተሰብ ይልቅ የትምህርት ቤትና የመምህር ጥራት ክብደት እንዳለው አሳዩ። ምክንያቱ አያስቸግርም። መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም በተዳረሰበት አገር መጽሐፍ ልዩነት አያመጣም፤ አምስት ልጅ አንዱን በሚጋራበት ክፍል ግን መጽሐፉ ራሱ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ቤከርና ባልደረቦቹ አዳዲስ መረጃዎችን ሲፈትሹ ግን ይህ በድሃና በሀብታም አገሮች መካከል የታየው ልዩነት ደብዝዞ አገኙት። ትምህርት ሲስፋፋ የቤት ተጽዕኖ በድሃውም አገር ይጎላል የሚል ንባብ የመጣው ከዚህ ነው።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ማስረጃ ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ በአገራችን በ20 ቦታዎች የሚኖሩ 3,000 ያህል ልጆችን። ልዩነቱ ፊደል ከመቁጠር በፊት እንደሚጀምር አሳይቷል፤ በሕፃንነቱ ምግብ አንሶት የቀነጨረ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። ገጠር ላይ ደግሞ ሀብት ሁልጊዜ ለትምህርት አይሠራም። ከብት የበዛለት ቤት እረኛ ይሻል፤ እረኛው ያው ልጅ ነው።

የዚሁ ጥናት ሌላው ግኝት እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል። የቬትናም ልጆች በአምስት ዓመታቸው ከሌሎቹ በመጠኑ ይቀድሙ ነበር፤ ርቀቱ በጣም የሰፋው ትምህርት ከጀመሩ በኋላ ነው። ኢኮኖሚስቱ አቢጂት ሲንግ ለዚህ ዋና ምክንያት ያደረገው ለቤተሰብ የሚሰጠውን ድርሻ ሳይሆን አንድ የትምህርት ዓመት የሚያስተምረውን መጠን ነው።

ቤትና ትምህርት ቤትን ነጣጥሎ መመዘን ግን በከተሞቻችን ይከብዳል። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት ያስገባል፣ የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ማታ አስጠኚ ይቀጥራል። የጎረቤቱ ልጅ በፈረቃ በሚማርበትና ወንበር በሚጣበብበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቀራል። በፈተና ሰሞን "ሁሉንም አሳለፈ" እየተባለ የሚወደሰው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ በመግቢያ ፈተና ጎበዞችን መርጦ የሚቀበል ነው። ውዳሴው ሐሰት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ የጨመረውን ልጁ ይዞት ከመጣው ግን አይለይም።

ለመለየት ልጁ የገባበትን ውጤት ማወቅ ያስፈልጋል። የ8ኛ ክፍል ውጤቱን ከ12ኛው ጋር ማስተያየት አንዱ መንገድ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በየክልሉ ስለሆነ ንጽጽሩ የሚያስኬደው በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ከየዓመቱ የአላፊዎች ዝርዝር ይሻላል።