ሣጥን ቁጥር 33

ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ቢሮ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዲክላራሲዮን ሲሞሉ የኖሩ ትራንዚተር አውቅ ነበር። አንድ ቀን ስገባ የቡና ላኪ ፋይል ከፍተዋል። ኢንቮይሱ፣ የባንክ ፈቃዱ፣ የጥራት ምስክር ወረቀቱ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ ሻያቸው ቀዝቅዟል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቅጽ 54 ሣጥኖች አሉት። 31ኛው ላይ የከረጢቱ ብዛትና የዕቃው ዓይነት ይገባል፣ 34ኛው ላይ የተመረተበት አገር። ሁሉንም ወረቀት እያገላበጡ ነበር የሚሞሉት። መካከል ያለችው 33 ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ፋይሉ ዞር ብለው እንኳ አላዩም። 0901.11 ብለው መቱና አለፉ።

«ይቺን በቃልዎ ነው እንዴ የሚያውቋት፣ ጋሼ?»

«ቡና እኮ ነው ልጄ። ያልተቆላ፣ ካፌይኑ ያልወጣ። ቢቆላ መጨረሻው 21 ይሆን ነበር።»

«21 ሞልተው ያውቃሉ?»

ትንሽ አሰቡ። «አልፎ አልፎ። ካርቶን ሁለት ካርቶን ለሚልክ ሰው።»

የሚሠሩበትን ሲስተም «አሲኩዳ» ይሉት ነበር። ማን እንደሠራው ጠይቀው አያውቁም፣ መጠየቅም አያስፈልጋቸውም ነበር። የሠራው ጄኔቫ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ፣ ብዙዎቻችን በምሕጻሩ አንክታድ የምንለው። ይህ መሥሪያ ቤት ሲወለድ ግን ሶፍትዌር የሚባል ነገር በሐሳቡ አልነበረም። ሐሳቡ ያቺ 33 ነበረች፤ ድሃ አገር ዘላለም ጥሬ ዕቃ ጭኖ እንዳይኖር።

(ከዚህ በታች ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአርጀንቲና ነው። በ1935 የተቋቋመው የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ራውል ፕሬቢሽ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የድቀት ዓመታት የአገሩ ስንዴና የከብት ሥጋ ዋጋ ሲንኮታኮት በቅርብ አይቷል። በ1933 አርጀንቲና እንግሊዞች ሥጋዋን መግዛታቸውን እንዳያቆሙ ለመለመን ለንደን ልዑክ ስትልክ አብሮ ሄዷል። ገዢ ፊት መቅለስለስ ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማረውም ማለት ነው። በ1949 ሃቫና ላይ ባቀረበው ጥናት፣ በተመሳሳይ ወቅት ደግሞ ኢኮኖሚስቱ ሃንስ ዚንገር ለብቻው በደረሰበት ጽሑፍ፣ አንድ ክርክር ተነሣ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ ማሽን የሚገዛ አገር፣ ለዚያው ማሽን የሚከፍለው ከረጢት ከዓመት ዓመት እየበዛ ይሄዳል የሚል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ቀላል ነው። ደመወዙ በእጥፍ ያደገ ሰው መኪናውን ይቀይራል እንጂ ቡናውን በእጥፍ አይጠጣም። ሌላው የደመወዝ ነገር ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ስላለው ገበያ ሲቀዘቅዝም ደመወዙን አያስነካም፣ ገበሬው ግን ገበያው በሰጠው ዋጋ ሸጦ ይገባል። ኢኮኖሚስቶች በዚህ ክርክር እስከ ዛሬ ይነታረካሉ፤ አንዳንድ ዓመት ነዳጅ ዘይትና መዳብ ሲወደድ ፕሬቢሽ ተሳስቷል ይባላል፣ ሲረክስ ደግሞ ነቢይ ይሆናል።

የንግድ ሕጉን የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ከጦርነቱ በኋላ ሊቋቋም ታስቦ የአሜሪካ ምክር ቤት ስላላጸደቀው ቀርቶ ነበር። የቀረው ጋት የተባለው የታሪፍ ስምምነት ነው፤ እሱንም ድሆቹ የሀብታሞች ክበብ አድርገው ያዩት ነበር። ስለዚህ በ1964 ከመጋቢት እስከ ሰኔ 120 አገሮች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ተከራከሩ። ቼ ጉቬራ የኩባን ልዑክ መርቶ ንግግር አድርጓል። በመጨረሻው ሳምንት 77 አገሮች ኢትዮጵያን ጨምሮ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ «የ77 ቡድን» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ፣ አባላቱ ከ130 ቢያልፉም ስሙ አልተቀየረም። ፕሬቢሽ የአዲሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ ፍሬ በ1968 ኒው ዴልሂ ላይ የተስማሙበት የታሪፍ አስተያየት ነው። ሀብታም አገሮች ከድሃ አገር የሚመጣን ዕቃ ቀረጥ ቀንሰው ወይም ጨርሰው ትተው ያስገቡ ተባለ። አውሮፓ በ1971 ጀመረች፣ አሜሪካ በ1976 ተከተለች። የኛ ላኪዎች ለብዙ ዓመታት «ፎርም ኤ» እያሉ ሲያስፈርሙት የኖሩት የምርት መገኛ ምስክር ወረቀት የዚህ ስምምነት ልጅ ነው። በ2001 ደግሞ አውሮፓ ከጦር መሣሪያ በቀር ለድሆቹ ድሆች ሁሉንም ነገር ከቀረጥና ከኮታ ነጻ አደረገች።

እዚህ ላይ ቡናን ልብ በሉ። ጥሬ ቡና አውሮፓ ሲገባ ከማንም አገር ቢመጣ ቀረጥ የለበትም። ቀረጡ ያለው ቆልተው ሲልኩት ነው፤ ልዩ አስተያየት ለሌለው አገር 7.5 በመቶ ይከፈልበታል፣ ለኢትዮጵያ ግን በ2001ዱ ውሳኔ ዜሮ ነው። በሩ ከሃያ ዓመት በላይ ተከፍቶ ቆይቷል። ሆኖም የምንልከው የተቆላ ቡና ዛሬም ከጥሬው አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው። የተቆላ ቡና ጠረኑ ቶሎ ይበናል፣ እኛ ደግሞ መርከብ የምናገኘው ጅቡቲ ወርደን ነው። የአውሮፓ ቆይዎች የአምስት አገር ቡና ቀላቅለው ነው የሚሸጡት። የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ስም ማስተዋወቅ ደግሞ ማሽን ከመግዛት ይከብዳል። በዚያ ላይ ጓዳችን ያመጣው ነገር አለ። እስከ 2024 የምንዛሪ ለውጥ ድረስ ስንቱ ላኪ ቡናውን በኪሳራ ሸጦ፣ ባገኘው ዶላር ዕቃ አስመጥቶ ነበር ትርፉን የሚያወጣው። ዶላሩን ብቻ የሚፈልግ ሰው ቡና ለመቁላት ምን አስቸገረው? ይህን ጄኔቫ ያለ ባለሙያ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ሊያስተካክለው ይችላል ብሎ የሚያስብ ካለም ተሳስቷል።

የአንክታድ ትልቁ ውርርድ ግን ታሪፍ አልነበረም። ዋጋው ራሱ ነበር። በ1976 ናይሮቢ ላይ፣ የስሪላንካው ጋማኒ ኮሪያ ዋና ጸሐፊ በነበረበት ጊዜ፣ 18 ምርቶችን የሚያቅፍ ዕቅድ ጸደቀ። ቡና፣ ካካዎ፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ጥጥ፣ መዳብ፣ ቆርቆሮና ሌሎችም ነበሩበት። ዋጋ ሲወርድ ገዝቶ መጋዘን የሚያስገባ፣ ሲወደድ የሚሸጥ የጋራ ፈንድ ይቋቋም ተባለ። መጀመሪያ የታሰበው 6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ድርድሩ አራት ዓመት ፈጅቶ ስምምነቱ በ1980 ሲፈረም 750 ሚሊዮን ላይ ወርዷል፤ በቂ አገር አጽድቆት ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ሰኔ 19 ቀን 1989 ነው።

ቀኑን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልክ በ15ኛው ቀን፣ ሐምሌ 4 ቀን 1989፣ ለንደን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ከ1962ቱ ስምምነት ጀምሮ ሲያዝ ሲለቀቅ የቆየውን የኮታ ሥርዓት አገደው፣ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። የቆርቆሮው ስምምነት ቀድሞ በ1985 ፈርሷል። ፈንዱ ሊደግፋቸው ከተወለደላቸው ስምምነቶች ብዙዎቹ እሱ ሥራውን በወጉ ሳይጀምር ተበትነዋል። ቀብር ላይ መድኃኒት ይዞ እንደ መድረስ ነው። ዛሬ አምስተርዳም ተቀምጦ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለትንንሽ ድርጅቶች ብድር ይሰጣል፤ ጠቃሚ ሥራ ነው፣ የናይሮቢው ሰው ያለመው ግን ይህን አልነበረም።

ኮታው በነበረ ጊዜ የፓውንድ ቡና ዋጋ ከ1.20 እስከ 1.40 ዶላር መካከል እንዲቆይ ይሞከር ነበር። ከታገደ በኋላ ወዲያው ወደቀ፤ በመካከል ብራዚል ላይ ውርጭ ሲመታ ቢያንሠራራም ቬትናም በብዛት ማምረት ጀምራ በ2001 አማካዩ ዋጋ ከ50 ሳንቲም በታች ገባ። ያን ጊዜ ሐረርጌ ውስጥ የቡና ግንድ ተነቅሎ ጫት ሲተከል፣ ሲዳማና ጌዴኦ ውስጥ እሸት ለቅሞ ለአጣቢ ማድረስ የሠራተኛውን ዋጋ ሳይሸፍን ሲቀር ያየ ገበሬ ዛሬም በሕይወት አለ። የተወለወለ ታሪክ እንዳናደርገው እንጂ፣ በኮታው ዘመንም ገበሬው ደልቶት አልኖረም። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ድርጅት በተመን ይገዛው ስለነበር ለንደን ላይ የተረጋጋው ዋጋ ይርጋጨፌ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ለኔ የዋጋው ፕሮጀክት ድክመት እዚህ ላይ ነው። ከአገር ወደ አገር ያለውን ሚዛን ሲያይ በአገር ውስጥ ያለውን አላየም።

ታዲያ አሲኩዳ ከየት መጣ? በ1981 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ፣ ኢኮዋስ፣ የአባላቱን የንግድ ስታቲስቲክስ አሰባስቡልኝ ብሎ አንክታድን ጠየቀ። ባለሙያዎቹ ሄደው ሲያዩ ችግሩ ስታቲስቲክሱ አልነበረም። ቁጥሩ የሚነሣው ከጉምሩክ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ በየወደቡ ይለያያል፣ ይጠፋል፣ ባለጉዳይ እጁን ካልዘረጋ ከመደርደሪያ አይወርድም። ስለዚህ ቁጥር ከመልቀም ይልቅ ለጉምሩኩ ሶፍትዌር ጻፉ። እሱ ነው ከዚያ እያደገ መጥቶ መቶ በሚደርሱ አገሮች ጉምሩክ ውስጥ የገባው። ኢትዮጵያም ወደ ሌላ ሲስተም እስክትሸጋገር ድረስ ለዓመታት ሠርታበታለች።

የሚሠራው ነገር ሲያዩት ተራ ነው። ትራንዚተሩ ቅጹን ይሞላል፣ ማሽኑ ታሪፉን አይቶ ቀረጡን ያሰላል፣ ከዚያ ዕቃውን መስመር ይሰጠዋል። አረንጓዴ ከሆነ ይለፍ፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይታይ፣ ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሽ። የድሮውን ያየ ሰው ነው የለውጡን ክብደት የሚያውቀው። ማን ይፈተሽ የሚለውን የሚወስነው ዴስኩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲሆን «የሻይ» የሚባል ዋጋ ነበረው፤ ማሽኑ ሻይ አይጠጣም። ይህ ማለት ግን ሙስና ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቀይ መስመር የገባ ኮንቴይነር ፊት አሁንም ሰው ይቆማል። ያም ሆኖ ገቢው በቀረጥ ላይ ለተመሠረተ ድሃ መንግሥት፣ ምን እንደገባና ምን እንደተከፈለ በቀኑ ማወቅ ትምህርት ቤት ከመሥራት የማይተናነስ ነገር ነው። የውጭ ዕዳቸውን መዝግበው የሚይዙበት ሶፍትዌርም ከዚያው ጄኔቫ የወጣ ነው።

ናይሮቢ ላይ ያጨበጨበ ሚኒስትር ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ አስባለሁ። የዓለምን ዋጋ ሊቀይር የተነሣ ቤት ቅጽ አሞላልን አቃለለ። የሚሳለቁ አሉ፤ ጉባኤዎቹንም ውኃ ወቀጣ ይሏቸዋል። እኔ አልሳለቅም። በዋጋው ትግል መሥሪያ ቤቱን ያሸነፈው ገበያ ነው፣ ገበያውን ደግሞ የያዙት መሥሪያ ቤቱን ሊያዳክሙት የሚፈልጉ መንግሥታት ናቸው። በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ሕግ የማውጣቱ ሥልጣን ጨርሶ ወደዚያ ሄደ። በ2012 ዶሃ ላይ በተካሄደው የአንክታድ ጉባኤ ዋዜማ የቀድሞ ሠራተኞቹ፣ ሀብታም አገሮች መሥሪያ ቤቱ ስለ ዓለም የፋይናንስ ሥርዓት እንዳይናገር አፉን ሊያሲዙት ነው ብለው በግልጽ ደብዳቤ እስከ መጮኽ ደርሰዋል።

የዚህ ሁሉ ድካም ሌላው መለኪያ ከ1971 ጀምሮ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የእጅግ ድሃ አገሮች ዝርዝር ነው። ሲጀመር 25 አገሮች ነበሩ፣ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ቦትስዋና በ1994 ወጣች፣ ኬፕ ቨርዴ በ2007፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ስድስት ተከተሉ፣ የመጨረሻዋ ሳኦቶሜ በ2024። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ስምንት ብቻ። እኛ ያኔም እዚያው፣ አሁንም እዚያው ነን። ባንግላዴሽ በ2026 መጨረሻ እንድትወጣ ቀን ሲቆረጥላት ደግሞ የልብስ ፋብሪካ ባለቤቶቿ «ይዘግይልን» ብለው ለመኑ፤ መውጣት ውሎ አድሮ የአውሮፓን ዜሮ ቀረጥ ሊያሳጣቸው ስለሚችል።

ባለፈው ወደዚያች ጠባብ ቢሮ ጎራ ብዬ ነበር። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፣ ወንበሩ ላይ ልጃቸው ናት። ሲስተሙ ሌላ ነው፣ ስክሪኑም ሰፍቷል። የጸጉሯን ሻሽ እያስተካከለች 0901.11 ስትመታ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር።

ከዚያ የኤክሴል ፋይል ከፈተችና ወደ እኔ አዞረችው። ደንበኛዋ የላከው ነው፤ በየረድፉ የገበሬ መለያ ቁጥር፣ አጠገቡ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች። አውሮፓ በ2023 ያወጣችው ሕግ ቡናው ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ከተመነጠረ ደን ላይ አለመብቀሉን አሳዩኝ ስለሚል፣ የየጓሮው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል፤ ገዢዎቹ ግን አልጠበቁም፣ አምጡ እያሉ ነው። ስልክ የሌለው ገበሬ ጓሮ ድረስ ጂፒኤስ ይዞ ለሚሄደው ሰው ማን እንደሚከፍለው በፋይሉ ላይ የለም።

«ይሄ የት ይገባል?» አለችኝ።

ሣጥኖቹን ከላይ እስከ ታች አብረን አየናቸው። ቦታ የለውም። ለገዢው በኢሜይል ላከችውና ወደ 34ኛው አለፈች።