«ባለዛር» እና «የዛር ፈረስ»፦ ስለ አንድ የአንትሮፖሎጂ ቃል አተረጓጎም

በቅርቡ ለእርማት የቀረበልን አንድ ረቂቅ ትርጉም፣ በፈረንሳይኛ «ፖሴስዮን» የሚባለውን የአንትሮፖሎጂ ቃል «የመንፈስ ይዞታ» ሲል መልሶታል። ተርጓሚው ያለ ምክንያት አልመረጠውም፤ «ዛር ያዛት» እንላለንና። ነገር ግን «ይዞታ» የመሬት ሕግ ቃል ከሆነ ውሎ አድሯል፤ አንባቢው ሴትዮዋን እንደ ማሳ፣ መንፈሱን እንደ ባለመሬት አድርጎ ይረዳል። የቃሉ ምርጫ ማን የማን ገዢ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚወስን በመሆኑ ጥቂት ማብራሪያ ያሻዋል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ወራት የሰነበተው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እንደ መዘገበው፣ ዛር ያለበት ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ መንፈሱ ጋላቢ፣ ሰውየው ተጋላቢ ነው። ይህችው «ፈረስ» የተባለች ሴት ግን በሌላ ስሟ «ባለዛር» ናት። «ባለ» ደግሞ በባለርስትና በባለሱቅ እንደምናየው ባለቤትነትን ያመለክታል። እንግዲህ ቋንቋችን ባንድ በኩል ዛሩን ጌታ፣ በሌላ በኩል ሴትዮዋን ባለንብረት ያደርጋል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት «ባለዛር» የሚቀርበው ለባለርስት ሳይሆን ለ«ባለዕዳ» ነው፤ ባለዕዳ ዕዳው አለው ቢባልም፣ የሚያስጨንቀው፣ በቀጠሮው እየመጣ ክፈል የሚለው ዕዳው ነው። ዛርም ግብሩን ይጠይቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግሥ «ሰፈረ» ነው። ሰፈር በጥንቱ አነጋገር የጦር ማደሪያ ነበር፤ ወታደር በገበሬ ቤት ይሰፍራል፣ ገበሬውም ሳይወድ ይቀልበዋል። «ሰፈረባት» ስንል «ባት» የምትለዋ ቅጥያ ቦታንም ጉዳትንም በአንድነት ትገልጻለች፤ «ሰፈረላት» የሚል ባለዛር አልሰማንም። ቡና አፍሉልኝ፣ ልብስ ግዙልኝ የሚለው እንግዳ አመጣጡ ከዚያ ከቤት ሰፋሪ ወታደር ጋር ይመሳሰላል።

የጾታው ነገር የሚገለጠው በተውላጠ ስም ነው። አማርኛ በአንደኛ መደብ ወንድና ሴት አይለይም። ወንድ ዛር በሴት አንደበት «መጣሁ» ቢል፣ ከቃሉ የተናጋሪው ጾታ አይታወቅም፤ የሚወስነው ሰሚው ነው። ሰሚው «ምን ትሻለህ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ትናንት «አንቺ» ስትባል የነበረች የቤት እመቤት በዚያች ሰዓት «አንተ» ትሆናለች፤ ታላቅ ዛር ከሆነም «እርስዎ»፣ እሱም ጾታ የለውም። የወንድ ሙያ የሆነው ፉከራም በዚያው ሰዓት በአንደበቷ ይሰማል። የእንግሊዝኛ «ዩ» ይህን ሁሉ ስለሚውጠው፣ ከአማርኛ የሚተረጉም ሰው ሽግግሩን በሌላ መንገድ ማሳየት፣ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ደግሞ ከ«አንተ»ና ከ«አንቺ» አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ሳያስብበት «አንቺ» ብሎ ቢያልፍ የሥርዓቱን እምብርት አጠፋው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 አይ. ኤም. ሉዊስ እንዲህ ያሉት ሥርዓቶች ሥልጣን የተነፈጉ ሴቶች አቤቱታቸውን በመንፈስ አፍ የሚያሰሙባቸው ናቸው ሲል ተከራክሯል። በ1989 ጃኒስ ቦዲ በሰሜን ሱዳን መንደር ያጠናችውን ዛር መነሻ አድርጋ፣ ነገሩ ከአቤቱታ እንደሚሰፋና ሴቶቹ የራሳቸውን ሕይወት ከውጭ የሚመለከቱበት መንገድም እንደ ሆነ አመልክታለች። ሁለቱን በአማርኛ ለማቅረብ «ልክፍት» አይበቃም፤ በሽታ ብቻ ነውና ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት ይዘጋዋል።

ታዲያ ምን እንበል? «ሰፈራ» እንዳንል፣ ቃሉ በ1977 ዓ.ም. ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ከተወሰደበት ጊዜ ወዲህ ሌላ ትዝታ ተሸክሟል። «ኅድረት» የሥነ መለኮት ቃል በመሆኑ ላያከራክር አይችልም። ስለዚህ ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «የመንፈስ ማደር» እንዲባል እንመክራለን። መጽሐፍ ቅዱሳችን ለርኩሱም መንፈስ «ዐደረ»ን ስለሚጠቀም፣ ቃሉ ለበጎም ለክፉም ክፍት ነው። ስለ ዛር በተለይ ሲነገር ግን «ሰፈረ» እንዳለ ይቆይ። በመዝገበ ቃላትም «ባለዛር» ሲፈታ፣ «ዛር የሰፈረበት ወይም የሰፈረባት፤ የዛሩ ፈረስ» ተብሎ ይጻፍ፤ «የታመመች ሴት» የሚለው ግን ከረቂቁ ይውጣ።